የእግር እሳት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነቀምቴ ውስጥ ነቅቶ የሚገኘው ዶሮ፣ ቀዳሽ፣ አዛን አድራጊ፣ የአዲስ አበባ መስመር ሹፌርና እኔ ነን። ከእኔ በቀር ሁሉም ሥራ አላቸው። እኔ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የቀኝ እግሬን አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል። ባለቤቴ ምጣዱ መጋሉን በጣቷ ጫፍ እንደምትሞክረው፣ ተረከዜን ወለሉ ላይ ነካ አድርጌ እመልሳለሁ። ከዚያ «በስመ አብ» ብዬ እቆማለሁ። ያኔ አንድ የማላየው አናጢ ከወለሉ ሥር ሆኖ ሚስማሩን ወደ ላይ ይመታል። ግድግዳውን ይዤ፣ ወንበሩን ይዤ፣ የበሩን መቃን ይዤ ወደ ጫማዬ እጓዛለሁ።

«ወፌ ቆመች» ትላለች ባለቤቴ ከብርድ ልብሱ ሥር። «የት ልትሄድ ነው?»

«ልሮጥ።»

«መጀመሪያ ተራመድ እንጂ!»

«የእግር እሳት ሆነብኝ» ስንል መቼም የምናማው ነዝናዛ ሰውን ነው። አባባሉን የፈጠረው ሰውዬ ግን ክፉ ጎረቤት አልነበረውም። የእኔ ዓይነት ተረከዝ ነበረው።

ሩጫ የጀመርኩት በ41 ዓመቴ ነው። አንድ ሐኪም ወረቀቴን አይቶ ሆዴንም አይቶ «መምህር፣ ትንሽ ይንቀሳቀሱ» አለኝ። ይንቀሳቀሱ ያለኝን ይሩጡ ብሎኛል ብዬ ተረጎምኩት፤ የዚህ ሁሉ መዘዝ መነሻ የትርጉም ስህተት ነው። በዚያ ላይ ነቀምቴ አርሲ አይደለችም። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ባወጣችው በቆጂ ሰው ሲሮጥ ቢያዩ «ማንን ሊያሸንፍ ነው?» ይሉ ይሆናል። እኛ ጋ ባለ ሆድ ጎልማሳ ሲሮጥ ካዩ ጥያቄው «ማን ሞተ?» ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ከደጃፋቸው ብድግ ብለው፣ ከዘራቸውን ይዘው ጥቂት እርምጃ ተከተሉኝ።

«በርሲሳ፣ ማል ታቴ?» አሉኝ። መምህር፣ ምን ሆንክ?

«ምንም አልሆንኩ አባ፤ ስፖርት ነው።»

«ምንም ካልሆንክ ታዲያ ለምን ትሮጣለህ?»

እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም። በዚያ መንገድ ግን አላልፍም።

ነቀምቴ ጉቶ ጊዳን እንደ ጋቢ ዙሪያዋን ደርባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳ የሚባል ነገር አልተሰጣትም። ከቤቴ ስወጣ ዳገት ነው፤ ስመለስም፣ እንዴት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ ዳገት ነው። የሌቃ ነቀምቴው ገዥ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ጋ ስደርስ ትንፋሼን ሰብሰብ፣ ሆዴን ገባ አደርጋለሁ፤ በቤተ መንግሥት ደጅ አፍ ከፍቶ ማለፍ ነውር ነው። ወደ ቡርቃ ጃቶ ታጥፌ ውስጥ ውስጡን የምሮጠው በበጋ ነው። ግንቦት ሲገባ የወለጋ ዝናብ ይጀምርና ያ ቀይ አፈር ጫማ ላይ እየተለጠፈ፣ በየአንድ ኪሎ ሜትሩ አንድ ኪሎ ጭቃ ይጨምርልኛል። ስለዚህ ወደ አስፋልት ወጣሁ። አስፋልት ጫማ አያቆሽሽም፤ ቂም ግን ይይዛል።

ጉዳቱን ያመጣው አንድ ቅዳሜ ነው። የስፖርት መምህሩ ጓደኛዬ፣ «በቡሬ መንገድ ወደ ኡኬ በኩል ውረድ። ቁልቁለት ነው፤ ሳይደክምህ ረጅም ትሮጣለህ» አለኝ። እውነቱን ነው። መንገዱ ከነቀምቴ ብርድ እየሸሸ ወደ አንገር ሸለቆ ሙቀት ይወርዳል። እኔም ወረድኩ። ሳንባዬ ዘፈነ፤ ዕድሜዬ ከ43 ወደ 23 ተመለሰ። ያልገባኝ ነገር ቢኖር ቁልቁለት በዱቤ የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ ነው፤ ሳንባ ይበላል፣ ተረከዝ ይከፍላል። አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ይመስለኛል፣ ቀኝ እግሬ ድንጋይ የረገጠ መስሎኝ ወደ ኋላ ዞሬ አየሁ። ድንጋይ የለም።

የመጣሁበትን ቁልቁለት በዳገትነቱ ሳየው፣ በቆሎ የጫነ አይሱዙ አስቆምኩ። ረዳቱ ከላይ እስከ ታች መዘነኝና «ከኩንታሉ ላይ ውጣ፤ ሒሳብህ የአንድ ኩንታል ነው» አለ። ኩንታል ሊሞላኝ 12 ኪሎ እንደሚቀረኝ ተከራከርኩ። «ላቡ ይሞላዋል» ብሎ በሩን ዘጋ።

በጤና እግሬ ሁለት ዓመት ስሮጥ ከዚያ ሽማግሌ በቀር ማንም ጉዳዬ ብሎኝ አያውቅም። ባነከስኩ በሦስተኛው ቀን የከተማው ሰው ሁሉ ዘመዴ ሆነ። ባጃጅ ነጂው በመስታወቱ እያየኝ «ሪህ ነው ጋሼ፤ ሥጋ ይቀንሱ» ይለኛል፤ ሥጋ በመምህር ደሞዝ ምን ያህል መቀነስ እንደሚቻል ግን አላብራራም። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የሰው ዓይን ነው አለ። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በበኩላቸው ምርመራ ውስጥ አልገቡም፤ ከኋላዬ እያነከሱ መሄድ ጀመሩ። አንዱማ ከእኔ የተሻለ ያነክሳል። ቀኝ ትከሻዬን ጣል የማደርገውን ነገር እኔ ራሴ ያወቅሁት ከእሱ ነው።

ወጌሻውም ዘንድ ሄጃለሁ። ቅቤ ቀብተው በአውራ ጣታቸው ተረከዜን ሲጫኑት የኮርኒሱን ቀዳዳዎች ቆጠርኩ።

«አመመህ?»

«በጣም!»

«ጥሩ ነው።»

ጥቂት አሽተው፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዙረው፣ «የተሰበረም የወለቀም የለም» አሉኝ። ቅር ያላቸው መሰለኝ። ምንም ሳይሰበርበት የመጣ ደንበኛ ለወጌሻ ምን ያደርግለታል?

እውነት ለመናገር ከሁሉም ቀድሞ የረዳኝ ሊስትሮው ነው። ሩጫ ጫማዬ ከሰልባጅ የተገዛ ነው። ሶሉን ጫን ጫን አድርጎ አየና፣ «ጋሼ፣ የመጀመሪያው ባለቤቱ ነው የሮጠበት፤ ለእርስዎ የቀረ ነገር የለም» አለኝ። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተረከዝ ቅርጽ ቆርጦ፣ ማስቲሽ ቀብቶ ውስጡ ለጠፈልኝ። ከሳጥኑ ላይ ስነሳ ያ አናጢ ለመጀመሪያ ጊዜ መዶሻውን አስቀመጠ።

ቀጥዬ የሄድኩት በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና የተማረ ወጣት ባለሙያ ዘንድ ነው። ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ነው። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶች ሥር የተወጠረ ጠንካራ ሽፋን አለ፤ እንደ ቀስት ገመድ የእግራችንን ቅስት ይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። ሲበዛበት ተረከዙ ጋ ይቆስላል። ሌሊት እኛ ስናርፍ እሱ ይኮማተራል፤ ጠዋት የመጀመሪያዋን እርምጃ ስንረግጥ በአንድ ጊዜ ይጎተታል። ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆም ሰውም ለዚህ ሕመም የተመቸ ነው። ተንኮሉ ግን ሲሞቅ ዝም ማለቱ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር ከሮጥክ በኋላ የዳንክ ይመስልሃል፤ ማታውን ሒሳቡን ይዞ ይመጣል።

«ሕመሙን ከ10 ስንት ይሰጡታል?» አለኝ።

ስምንት ነበር። ስምንት ብል ሩጫ ሊከለክለኝ ነው። «ሦስት» አልኩት። በ20 ዓመት መምህርነቴ የተማሪ ውጤት እንዲህ ቆርጬ አላውቅም። ሦስት ብዬም አልዳንኩ፤ የባት ማሳሳቢያ እንቅስቃሴ አሳየኝ፣ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ በውስጥ እግሬ እንዳንከባልል አዘዘኝ፣ በመጨረሻም «ስድስት ሳምንት ሩጫ የለም» አለኝ።

በረዶው ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። የእኛ ፍሪጅ የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው፤ መብራት የሚኖረው ደግሞ እኔ ክፍል ውስጥ ስሆን ነው። ስለዚህ ከባለ ኪዮስኩ ልጅ ጋር ተዋዋልኩ፤ አንድ ሀይላንድ ውሃ ዘወትር በማቀዝቀዣው ሥር ደርቆ ይቀመጥልኛል። የመጀመሪያ ቀን ደንበኞች ፊት፣ «መምህር፣ ይሄ እኮ አይጠጣም፤ በረዶ ሆኗል» አለኝ። «ለእግሬ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ነው የሚቀበለኝ።

ዕረፍቱን በተመለከተ ለባለሙያው የነገርኩት ሐሰት አይደለም። አንድ ወር ሙሉ፣ አንድም ቀን ሳላጎድል አርፌያለሁ። ጳጉሜን።

አሁን ወደ አንጮቴ ልምጣ፤ የዚህ ታሪክ ባለቤት እሷ ናት።

ከእኛ በር 50 ሜትር ያህል ወረድ ብሎ የሚኖሩ፣ ሁላችንም «አዴ» የምንላቸው እናት አሉ። ወንበራቸው ደጃፋቸው ላይ ነው፤ በዚያ በኩል ሳያዩት የሚያልፍ ውሻ እንኳ የለም። ማንከሴን ሲያዩ ያቀረቡልኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

«አንጮቴ በልተሃል?»

ለማያውቅ አንባቢ፣ አንጮቴ የወለጋ ሥራ ሥር ናት። ሐረጓ አጥር ላይ ትንጠላጠላለች፤ በዘር ከዱባ ትዛመዳለች። «ድንች ትመስላለች» ያለ እንግዳ ሁለተኛ ስኒ ቡና አይቀዳለትም። ከነልጣጭዋ ትቀቀልና ኋላ ትላጣለች፤ ተከትፋ በንጥር ቅቤ ትርሳለች፤ ቆጭቆጫ ከጎኗ ይመጣል። እኛ አገር መስቀል ያለ አንጮቴ የይስሙላ መስቀል ነው። አራስ ትበላታለች፣ አጥንቱ የተሰበረ ይበላታል፣ ከዛፍ የወደቀ ልጅ በግድም ቢሆን ይበላታል። ካልሲየም አላት፤ ይህን የላቦራቶሪ ሰዎችም አይክዱም። ሆኖም እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝና ዝም ብዬ መዋጥ አልቻልኩም።

«አዴ፣ የእኔ አጥንት እኮ አልተሰበረም። የተጎዳው የጅማት ነገር ነው።»

«ጅማቱ የታሰረው ከምን ጋር ነው?»

«...ከአጥንት ጋር።»

«ታዲያ!»

በአንድ «ታዲያ» ተረታሁ። በመስቀል ዋዜማ አንድ ትሪ ሙሉ አስቀረቡልኝ፤ ቅቤው ከክርኔ ሊደርስ ነበር። በማግስቱም ሌላ ትሪ ወደ ቤት ተላከ። ተረከዜ ቢድን ባይድን ሐኪሙ ቀንስ ያለኝ ሆድ መመለሱ እርግጥ ነበር።

ታዲያ ምን ልበላችሁ፤ ተሻለኝ! ግድግዳ ሳልይዝ ከአልጋ ወደ በር ተጓዝኩ። ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ራሴን አስታወስኩት፤ በአንድ ሙከራ አራት ነገር በአንድ ጊዜ ከቀየርክ የቱ እንደሠራ አታውቅም። የሊስትሮው ስፖንጅ አለ፣ በረዶው አለ፣ ከአዲስ ዓመት እስከ መስቀል በምዝገባ ምክንያት ሳልሮጥ የቀረሁባቸው ቀናት አሉ፣ አንጮቴዋ አለች። ይህንን ለአዴ ለማስረዳት አፌን ስከፍት ቀድመውኝ ለመንደሩ ነግረዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ወገቧን የሚያማት፣ ጉልበቱ የሚንቋቋ፣ እጁን የባጃጅ በር የቆረጠመው ሰው ደጃፋቸው ተሰልፎ አየሁ። ማስረጃው እኔ ነበርኩ። ሳልፍ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ «ያ በርሲሳ በአራት እግሩ ነበር የሚሄደው» ይሏቸዋል። ለእኔ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደግመህ አንክሰህ አንጮቴን እንዳታሰድብ» አሉኝ።

ታሞ የተነሳ እግዜርን ረሳ። ጥቅምት ሲገባ ሩጫዬን ቀጠልኩ፤ ምክንያቱም የታላቁ ሩጫ ቲሸርት በወንድሜ ልጅ በኩል አዲስ አበባ ላይ ተገዝቶልኛል። የተገዛ ቲሸርት የተከፈለ ጥሎሽ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አናጢው መሣሪያውን ይዞ ተመለሰ። አሁን ግን ጣጣው በዛ። ለባለሙያው «እያረፍኩ ነው» እላለሁ፤ ለባለቤቴ «አያመኝም» እላለሁ፤ ለአዴ ስል ደግሞ በጨለማ፣ በጓሮ በኩል በጉራንጉሩ ዞሬ ወጥቼ በጉራንጉሩ ዞሬ እገባለሁ። ከሩጫው ይልቅ ውሸቶቼን ማደላደል ነበር የሚያደክመኝ።

አንድ ማታ ጠርሙሴን እያንከባለልኩ ለባለቤቴ ጉዳዩን ከታላላቆቹ አንጻር ላሳያት ሞከርኩ። «ኃይሌን ተመልከቺ» አልኳት። «እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ የተረከዝ ጅማቱን እያመመው 10,000 ሜትር ሮጦ ፖል ቴርጋትን በዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ ቀደመው። ቀነኒሳ ስንት ዓመት ከባት ጉዳት ጋር ታግሎ እ.ኤ.አ. በ2019 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2:01:41 ጨረሰ፤ ለያኔው የዓለም ሪከርድ የቀረው ሁለት ሰከንድ ነበር። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ነው ቶኪዮ ላይ ወርቅ ያመጣው!»

«ሜክሲኮስ?» አለች፤ ሹራቧን ከመሥራት ቀና ሳትል።

«ሜክሲኮ ምን?»

«ሜክሲኮ ላይ እግሩን ሲያመው አበበ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ አቁሞ ወጣ አይደል? ማሞ ወልዴ ቀጥሎ አሸነፈ። አበበ እንኳ ትቶ ወጥቷል። አንተ ለማን ልትተውለት አስበህ ነው የጨነቀህ?»

ይህንን ከየት እንዳወቀችው ጠየቅኋት። ከእኔ ነው፤ ጤነኛ በነበርኩበት ዘመን ስደሰኩር ሰምታ። «ደግሞም» ብላ ጨመረች፣ «አበበ የሮጠው ለባንዲራ ነው፤ አንተ ለቲሸርት ነው።»

ሩጫ አቆምኩ ብዬ በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አውጄያለሁ፤ አብዛኛውን ሰኞ ሰኞ። በዚህስ ኃይሌ ይመሰክርልኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት ካቋረጠ በኋላ ሩጫ ማቆሙን ለዓለም አስታውቆ፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሐሳቡን ቀየረ። እሱን ያልቻለው ነገር እኔን እንዴት ይችለኛል?

ህዳር ላይ ከመናኸሪያ በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣሁ፤ ሲሬ፣ ባኮ፣ አምቦ፣ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁጭ ብዬ። እሑድ ማለዳ መስቀል አደባባይ ስደርስ ያየሁትን ሕዝብ የጉቶ ጊዳ የገበያ ቀን ሁሉ ቢደመር አይተካከለውም። ኃይሌና ጓደኞቹ ይህን ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀምሩት 10 ሺህ ሰው ነበር፤ ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ነው። የሁሉም ቲሸርት አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰው የሚጠፋው ከራሱም ነው። ማስጀመሪያው ሲተኮስ አልተንቀሳቀስንም። አጨበጨብን፤ አሁንም አልተንቀሳቀስንም። አሸናፊዎቹ 10 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሱት 28 ደቂቃ አካባቢ ነውና፣ እኔ የመነሻውን መስመር ስረግጥ እነሱ ወደ መጨረሻው እየተጠጉ ሳይሆን አይቀርም።

ያ ግፊያ ግን ለተረከዜ ከሐኪም የታዘዘ ያህል ነበር። ሮጥ ለማለት ቦታ የለም። በየመንገዱ ዳር ሙዚቃ አለ፤ ፊት ለፊቴ ያሉት ልጆች እስክስታ ሲወርዱ እኔም ከመቆም ብዬ ትከሻዬን ነቅነቅ አደረግሁ። እስከ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለገለኝ ትከሻዬ ነው። ሰባተኛው ላይ መንገዱ ሰፋ፤ ያን ጊዜ ነው እኔም ሰው ነኝ ብዬ መሮጥ የጀመርኩት። አናጢው ሲጠብቀኝ ኖሯል። እያነከስኩ ወደ ዳር ወጣሁ። ሀበሻ ቀሚስ ላይ ቲሸርቱን ደርበው ነጠላቸውን በወገባቸው ያሠሩ አንድ እናት ደረሱብኝና ጀርባዬን መታ መታ አድርገው፣ «አይዞህ ልጄ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ። ብለውኝም ቀደሙኝ። እንቁላሉ ከኋላ ቀረ።

1 ሰዓት ከ31 ደቂቃ። ሜዳሊያ ለጨረሰ ሁሉ ይሰጣል፤ ልጅቷ አንገቴ ላይ ስታጠልቅልኝ ግን እኔ ብቻ ያገኘሁት መስሎኝ ጎንበስ አልኩላት።

በማግስቱ እንደገና ሰባት ስምንት ሰዓት ቁጭ። ተረከዝ በአውቶቡስ ውስጥ የሚሆነው ነገር ሌሊት አልጋ ላይ ከሚሆነው አይለይም፤ ይኮማተራል። ነቀምቴ መናኸሪያ ስወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ የ11 ሰዓቷ እርምጃ ነበረች፣ በቀትር። ባጃጁ እስከ ቤቴ እንዲያደርሰኝ ብለምነው፣ መንገዱ በቧንቧ ቁፋሮ ስለተዘጋ ከማዕዘኑ አላልፍም አለ። ጉራንጉሩም ተቆፍሯል። የቀረው በአዴ ደጃፍ የሚያልፈው 50 ሜትር ነው።

ወንበራቸው ላይ አሉ። አጠገባቸው ሁለት እንግዶች፤ አንዲቱ ጉልበቷን በሻርፕ አስራለች።

ሜዳሊያዬን ከሸሚዜ ሥር አወጣሁ፤ ዓይናቸው ከእግሬ ይልቅ እሱ ላይ ቢያርፍ ብዬ። ደረቴን ነፋሁ። ቀኝ እግሬን እንደ ደህና ሰው እግር አስቀመጥኩት፣ አነሳሁት፣ አስቀመጥኩት። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የተራመድኩት በሠርጌ ቀን ብቻ ነው። «አካም ኦልታኒ፣ አዴ!» ብዬ ፈገግ እያልኩ አለፍኳቸው፤ 30 ሜትር፣ 20 ሜትር፣ በሬ ታየኝ።

«በርሲሳ! ኮቱ ሜ!» ሲሉ ሰማሁ። ና እስቲ።

ተመለስኩ። ሜዳሊያውን አገላብጠው አዩትና ለቀቁት። ከዚያ ከወገቤ በታች ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ። እንግዶቹም ተመለከቱ።

«ቀኙ ድኗል» አሉ አዴ በመጨረሻ፣ ወደ ባለ ሻርፗ ዞር ብለው። «አይተሻል? አሁን የሚያነክሰው በግራው ነው።»